ለከሚሴዋ እህታችን፦ ከጂዳ ስለሚመጣው ብሌንደር

አብሽሪ እታለም። «እህቴ ከጂዳ ብሌንደርና ካውያ ልትጭንልኝ ነው፤ 127 ቮልት ይላል፤ ሱቅ ብጠይቅ ስፒናውን ብቻ ቀይሪው አሉኝ፣ እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ውሸት ነው! እኔን ያከሰረኝ ይኸው «ስፒናውን ብቻ» የሚሉት ነገር ነው። አንቺም እንደኔ ጁስ ቤት ልትከፍቺ ነው መሰለኝ፤ ለቤት ብሌንደርማ ማን ከጂዳ ድረስ ያስጭናል።

1ኛ፣ የዕቃውን ሆድ ገልብጠሽ አንብቢ። «100-240» ካለ፣ እንደ ስልክ ቻርጀርና ላፕቶፕ ማለት ነው፣ ስፒናውን አስተካክለሽ ሰክተሽ ተጠቀሚ። 110፣ 120 ወይም 127 ብቻ ካለ ግን የኛ መብራት 220 ስለሆነ በቀጥታ አይሰካም። ሳዑዲ ደግሞ ሰው የምታደናግረው፣ በተለይ በቆዩት ቤቶች፣ 127ም 220ም ስላላት ነው። እኔ የሠራሁበት ቤት ሳሎኑ 127፣ የኤሲው ሶኬት 220 ነበር። ዕቃው ከዱባይ፣ ከኩዌት ወይም ከቤሩት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልለፈለፍኩብሽ፤ የነሱ መብራት ከኛ ጋር ይስማማል።

2ኛ፣ ትራንስፎርመር፤ የኛን 220 ወደ 127 የሚያወርድልሽ ከባድ ብረት ማለት ነው። የኔ ጉድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልመጣ ስል ሁለት ትልልቅ ብሌንደር ገዝቼ፣ ከላይ ፎቅ የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ ትራንስፎርመሯን «ያስፈልግሻል» ብላ ሰጥታኝ ነበር። ካርጎ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። የተቀመጠው ልጅ ያገራችን ሰው ነው። ሚዛን ላይ አስቀመጠውና «ይኼን ብረት ምን ልታደርጊው ነው? ኢትዮጵያም ያለው መብራት ነው። ለ9 ኪሎ በከንቱ አትክፈይ» አለኝ። በኪሎ የሚበላ ሰው ኪሎ ቀንሺ ሲለኝ አዝኖልኝ ነው ብዬ፣ ወላሂ፣ ቆሜ መረቅሁት። ትራንስፎርመሩን እዚያው ጥዬው መጣሁ።

ደሴ ገባሁ፣ ፒያሳ አካባቢ ቤት ተከራየሁ፣ አቮካዶው ተደረደረ። አንዱ ሱቅ በእጅ መዳፍ የምታክል ነገር ሸጠልኝ፤ «ይቀይረዋል» አለኝ። የምትቀይረው እኮ ጠፍጣፋውን ጥርስ ወደ ክብ ነው እንጂ ኃይሉን አይደለም! ሰካሁት። እንደ አውሮፕላን ጮኸ፣ አቮካዶው ኮርኒስ ላይ ተለጠፈ፣ ከሥሩ ጭስ ወጣ፣ ብሬከሩ ወረደ። ይኼ ባልከፋ። እኔ ግን ምን አደረግሁ መሰለሽ? አንዱ ብልሽት ኖሮበት ነው ብዬ ሁለተኛውንም ሰካሁት። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት! ለዚህ እንኳ ማንንም አልወቅስም።

ሰኞ ገበያ በኩል ያለ ጠጋኝ አሸተተውና «ሽቦው ነዷል» አለ። ያስረዳኝ እሱ ነው። ለ127 የተሠራ ካውያ 220 ላይ ሲሰካ ሙቀቱ በጥቂት የሚጨምር ይመስልሻል፤ 3 እጥፍ ነው የሚሆነው። የ110ው 4 እጥፍ። ስለዚህ ካውያው ይቅርብሽ፤ ካውያ እዚሁ ሞልቷል፣ ለካውያ ብሎ ትራንስፎርመር የሚያንጠለጥል ሰው አላየሁም።

እዚህ ያለው የካርጎው ቅርንጫፍ ሄጄ ነገርኳቸው። ገንዘብ እንኳ አልጠየቅሁም፣ ልጁን ንገሩት፣ ሌላ ሰው እንዳያቃጥል ነው ያልኩት። ሴትዮዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ፈርመሽ ተረክበሻል፤ ቀጣይ!» አለችኝ። ተሰልፎ የነበረው አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ተይ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ» ባይሉኝ እዚያው አለቅስ ነበር።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ትራንስፎርመር። በብድር አዲስ ብሌንደር አስመጣሁና ለሱ የ500 ዋት ገዛሁ፤ ርካሽ ስለሆነ። ብሌንደሩ 1,000 ዋት ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እጅ የማያስነካ ሆነ። ሞተር ሲነሣ ከተጻፈበት በላይ ስለሚስብ ቢያንስ እጥፉን ግዢ፤ የኔ አሁን የ2,000 ነው፣ እነሆ ሦስተኛ ረመዳኑን ይዟል። ጁስ ከሚንጠባጠብበት ጠረጴዛ አርቀሽ አስቀምጪው። ስታብላይዘር አለኝ ብለሽም እንዳትታለዪ፤ እሱ 220ውን ሲዋዥቅ ያረጋጋዋል እንጂ 127 አያደርግልሽም።

3ኛ፣ ማንም የማይነግርሽ ነገር። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታል ማለት ነው፤ የኛ 50። ትራንስፎርመር ይህን አይቀይርም። ብሌንደር ካርቦን ያለው ሞተር ስለሆነ ግድ የለውም፤ ማራገቢያ ግን ቀሰስ ይላል። እኔ ያወቅሁት በእናቴ ሰዓት ነው። ለሱሁር እንድትነሣበት ቀይ ቁጥር የሚያበራ፣ መብራት ላይ የሚሰካ ሰዓት ከጂዳ አምጥቼላት ነበር። ማታ 2 ሰዓት ላይ አስተካክለን ለሌሊት 10 ቀጠርነው። እሱ «10 ሰዓት» ብሎ ሲጮህ አዛን ካለ ቆይቷል! ለካ ጊዜን የሚቆጥረው በመብራቱ ምት ኖሮ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይጎትታል። እናቴ ያለ ሱሁር ውላ ማታ ላይ «ይኼ ሰዓት እንደ ሰውየሽ ነው» አለችኝ፤ የካርጎውን ልጅ ማለቷ ነው።

አሁን ግን አልሐምዱሊላህ፣ ጁሴን ጠጥቶ የማይመለስ የለም፤ ዕቃ ከውጭ የመጣለት ሁሉ ሳይሰካ በፊት እኔ ጋ ይመጣል። አንቺም የብሌንደሩን ሆድ ፎቶ አንሥታ እንድትልክልሽ ለእህትሽ ዛሬውኑ ደውይላት፤ ካርቶኑ ሳይታሸግ። ትራንስፎርመር ካላትም ትጨምረው። ሚዛኑ ላይ ያለው ልጅ «ይኼ ብረት» ካላት ዝም ብላ ኪሎውን ትክፈል።