መልስ፦ ለቤት ጥገና የትኛው ፑንታ ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ፣ ለመጋረጃ ብረትና ለመደርደሪያ ርካሽ ፑንታ (ድሪል ላይ የሚገባው መብሻ) ፈልገህ፣ 100 ፍሬ ያለውን ወርቃማ ሣጥን ልግዛ ወይ ብለሃል። አቦ ተወው! ቤት ውስጥ ደጋግመህ የምታነሳው 6 ሚሊና 8 ሚሊን ነው። የቀረው ቦታ መያዣ ነው። ወርቃማው ቀለምም አይሸውድህ። ደህናው ላይ እንኳ ስስ የቲታኒየም ሽፋን ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ያለው ብረት ነው።

ድሬዳዋ ገበያ፣ ታይዋንም ሆነ ቀፊራ ስትዞር በፍሬ የሚሸጥ ጠይቅ። ለግድግዳ የምትገዛውን ጫፉን ጠጋ ብለህ እየው። ከግንዱ ትንሽ ሰፋ ያለች፣ በቀለም የምትለይ ቁራጭ ተበይዳበታለች። ካርባይድ የሚሉት እሷን ነው፤ ብሎኬትና ኮንክሪት የምትበሳው እሷ ናት። ተሸርፋ ካየህ መልስለት። ከዚያ ፑንታውን የባለሱቁ መስታወት ላይ አንከባለው። እየዘለለ ከሄደ ጠማማ ነው።

ለብረት ኤችኤስኤስ (HSS) የሚል የተጻፈበትን ውሰድ፤ ጠንካራ የመብሻ ብረት ማለት ነው። እንጨትም ይበሳልሃል፣ ስለዚህ ለእንጨት ብለህ ሌላ አትግዛ። ብቻ የድሪልህን አፍ አስቀድመህ እይ፤ ኤስዲኤስ (SDS)፣ ማለትም ቦይ ያለውን ግንድ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ክቡ ግንድ ያለ አዳፕተር አይገባም።

ብሎኬት ስትበሳ ደግሞ የድሪሉን መዶሻ (እየመታ የሚበሳበትን ማብሪያ) አጥፋው። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከኋላ ይፈረፈርና ፊሸሩ (ቪቱ የሚገባበት ፕላስቲክ) አይይዝም። ለኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) ግን መዶሻውን አብራው። ብረት ላይ ፍጥነት ቀንስ፣ ዘይት ጠብ አድርግበት። መነጽርም አትርሳ፣ በተለይ ጣሪያ ስትበሳ።