ደብተሩን ለምን ደበቅከው?

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከባለቤቴ ጋር እናነባለን። ልጽፍልዎ አስቤ ስንት ጊዜ ተውኩት። አሁን ግን ትዕግስቴ አለቀ።

የምኖረው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የቅሬያችንም ጸሐፊ ነኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎ ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ 214 አባወራ ነን። ያለን አንድ ምንጭ ነው። ሰውም ከብትም ከዚያው ይጠጣል። ክረምት ይደፈርሳል፣ በጋ አልቅት አለው።

አንድ የማህበረሰብ ፋውንዴሽን በክልላችን ለትናንሽ ፕሮጀክቶች ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰማን። ምንጩን ለማጎልበት 900,000 ብር ጠየቅን። ሦስት ዙር አመለከትን፣ ሦስቱንም ወደቅን።

መጀመሪያ ላይ ቅጹ በእንግሊዝኛ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ ሌሊት ሌሊት ሞላሁት። ደሴ ወስጄ ለጥበቃው ሰጠሁ። “ይደወልላችኋል” አለኝ። ማንም አልደወለም። በሁለተኛው ዙር “የምዝገባ ምስክር ወረቀት የላችሁም” ተባልን። ቅሬ ይህን ከየት ያመጣል? አያቶቻችን ቀባሪ አጥተው አያውቁም፤ ወረቀትም አልነበራቸውም። ለሦስተኛው ዙር ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍኩ። ለዚያ ብቻ እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። ትራንስፖርቱ ሁሉ ከደሞዜ ነው። እንደገና ስንወድቅ ስልክ ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳችና “የማህበረሰቡ ተሳትፎ አይታይም” አለችኝ። አይታይም! ድህነታችንን በአራት ገጽ ጽፌ፣ ድርቁን ጽፌ፣ ጦርነቱን ጽፌ፣ ከዚህ በላይ ምን እንዲታያቸው ነው የሚፈልጉት?

ከኛ ዝቅ ብሎ ያለው ቀበሌ ለወፍጮ ጠይቆ አገኘ። መንገድ ዳር ናቸው። መኪና በራቸው ድረስ ይገባል። ማመልከቻቸውን ከፍለው እንዳስጻፉ ሰምቻለሁ። እኛ ዘመድ የለንም፣ የሚያስጽፍልን የለም። ይኼ ነው አንጀቴን የሚበላው።

ሰፈራችን አንዲት እናት አለች። ባገኘችኝ ቁጥር “መምህር፣ ውሃው መቼ ነው?” ትለኛለች። አሁን አሁን ሳያት መንገድ እቀይራለሁ። ሴቶቹ ቦዩን ቆፍረው ከጨረሱ ቆዩ፤ 380 ሜትር ነው። ማክሰኞና ሐሙስ እየወጡ በ23 ቀን ጨረሱት፣ በቀን 60 ያህል ሆነው። ከየቤቱም 400 ብር አዋጥተናል፣ ቅሬው ሣጥን ውስጥ አለ። እሱን ማመልከቻው ላይ አላስገባሁትም። ገንዘብ አላቸው ከተባለ ማን ይረዳናል ብዬ ነው። ለማንኛውም ከ900,000 ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

አሁን አራተኛው ዙር ወጥቷል። የባለቤቴ ዘመድ የሆነ ሰው ደሴ ውስጥ ፕሮጀክት ይጽፋል። ገንዘቡ ሲገኝ 10 በመቶ ሊወስድ እሱ ሊጽፍልን ነው። “214 አባወራ ብለህ ማንም ዞሮ አያይህም፣ 600 እንበል” ይላል። በግንቦት እንኳ ጀሪካኑ በ50 ሰከንድ ስለሚሞላ ውሃው ለ600 ይበቃል ብሎኛል። ወረቀቱን አዘጋጅቷል፤ የቀረው የኔ ፊርማ ነው። እምቢ ብል ቤቴ ውስጥ ቅያሜ ይገባል። እሺ ብል ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ልፈርም ወይስ አልፈርም?

የቅሬ ጸሐፊው፣ ከሐይቅ አካባቢ

*

ወንድሜ መምህር፣

ስልኩን ያነሳችው ልጅ እውነቷን ነው። የሚታይ ነገር የለም። የደበቅከው ደግሞ አንተ ነህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጥበቃው፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ታችኛው ቀበሌ ወፍጮ በሰፊው ጻፍክ። ያንን 380 ሜትር ቦይ ግን በመጨረሻ፣ እግረ መንገድህን፣ “ኢምንት” ብለህ አለፍከው። እስቲ የሒሳብ መምህር ነህና አብረን እናስላው። 60 ሰው በ23 ቀን 1,380 የሥራ ቀን ነው። የቀን ሠራተኛ እናንተ ጋ ስንት እንደሚከፈለው አንተ ታውቃለህ። በ200 ብር እንኳ ብንይዘው 276,000 ብር ይመጣል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የ214 ቤት መዋጮ 85,600 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመር 361,600። ከ900,000ው ጋር አንድ ላይ ብታስቀምጠው ከጠቅላላው ወጪ ከሩብ በላዩን የሸፈኑት የሰፈርህ ሴቶችና የሰፈርህ ሣጥን ናቸው። ይህን ነው ከማመልከቻው ያወጣኸው። ተቆጥቻለሁ፣ አልደብቅህም።

ለምን እንዳደረግከው ግን ይገባኛል። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። በ1977 ዓ.ም. ዓለም እኛን ያወቀን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም በተነሳ የረሃብ ምስል ነው። ከዚያ በፊትም የ1966ቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስንቆም መጀመሪያ የምናሳየው ቁስላችንን ነው። ለአስቸኳይ እርዳታ ይሄ ይሠራ ይሆናል። ስንዴ የሚያድለው ሰው የሚጠይቅህ ምን እንደጎደለህ ነው። የማህበረሰብ ፋውንዴሽን ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲቋቋም ሐሳቡ የአካባቢው ሰው ገንዘብ አንድ ላይ ተጠራቅሞ ለአካባቢው ጉዳይ እንዲውል፣ ውሳኔውም እዚያው እንዲሆን ነው። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የራሷ አላት። እነዚህ ሰዎች ማመልከቻ ሲከፍቱ የሚፈልጉት የጀመረ ሰው ነው። ሳጥን ያለው፣ ጸሐፊ ያለው፣ ቀሪውን በስም የሚያውቅ። ይኼ ቅሬ ካልሆነ ምንድነው?

እኔ ለዓመታት ማመልከቻ በሚነበብበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ሁሌም አንድ ነው፤ “አካባቢው በተደጋጋሚ ድርቅ የተጠቃ” ብሎ ይጀምራል። እውነት ነው፣ ግን ማንንም ከማንም አይለይም። ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ በጀቱ ሰንጠረዥ ነበር። “የማህበረሰቡ ድርሻ” የሚለው ረድፍ ላይ ሰረዝ ካለ ወረቀቱ ወደ ጎን ይቀመጣል። ክፋት አይደለም። ማንም ያላዋጣበት ቧንቧ ሲሰበር የሚጠግነው እንደሌለ ስላየን ነው።

ቅሬው የሥራ መቆጣጠሪያ ደብተር አለው አይደል? መቼም 60 ሰው 23 ቀን ሲወጣ ማን መጣ ማን ቀረ ሳይባል አይቀርም። እንዲህ ዓይነት ደብተር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ባለ አራት ማዕዘን መስመር፣ ጠርዙ በዝናብ ያበጠ፣ በግራ የእማወራዋ ስም፣ በቀኝ ረድፍ ረድፍ የጭረት ምልክት። የቀረችው ቀይ እስኪርቢቶ፣ ታማ የቀረችው አጠገቧ “ታ”። ያን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አንሳው። አራት ገጽ ድህነትህን አውጣና እሱን አስገባ። በገንዘብ የተተመነውንም ሥራ በበጀቱ ውስጥ “በዓይነት” ብለህ አስቀምጠው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አትፈርም።

ሰውየው ውሃው ለ600 ይበቃል ብሎሃል። አንተ ሳታውቀው መልሱን ራስህ ጽፈህልኛል። 20 ሊትር ጀሪካን በ50 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ 0.4 ሊትር ይሰጣል። በቀን 34,560 ሊትር ነው። በየቤቱ አምስት ሰው ብንል እናንተ 1,070 ናችሁ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (2008–2012 ዓ.ም.) ለገጠር ተይዞ የነበረው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በእሱ ብንሄድ 26,750 ሊትር ትፈልጋላችሁ፣ ምንጩ ከዚያ በላይ አለው። በጣም ጥሩ ፕሮጀክት ነው! 600 አባወራ ብትል ግን 75,000 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ የውሃ ባለሙያ ይህን ከሻይ በፊት ያሰላዋል። አንተም ታሰላው ነበር፣ ድካሙ ባይዝህ። እውነተኛው ቁጥርህ ነው የሚያሸንፍልህ። እንዲያውም የጀሪካኑን ልክ ከነቀኑ ጻፍ፣ በግንቦት መለካቱ ትልቅ ነገር ነው።

10 በመቶውስ የት ሊገባ ነው? ፋውንዴሽን “ለጻፈልን ሰው” የሚል ረድፍ ሲያይ ዝም አይልም። ስለዚህ የሚደበቀው ሲሚንቶው ውስጥ ነው። 60 ከረጢት ተብሎ 45 ይገዛል። ምንጩ ላይ የሚሠራው የሲሚንቶ ሳጥን ይሰነጠቃል። ያኔ ፊርማው የማን ነው? ደሴ ያለው ሰውዬ ስሙ የትም የለም።

ዘመድህ ሥራው ይህ ከሆነ ክፉ ሰው ነው አልልም። ውጤት ቢመጣም ባይመጣም የተወሰነ ክፍያ ተነጋግራችሁ ቅጹን እንዲያስተካክልልህ ጠይቀው። እምቢ ካለ ይቅር። የቤትህን ቅያሜ በተመለከተ፣ ባለቤትህ አምዱን አብራህ ታነባለች ብለሃል። እህቴ፣ ይህን ስታነቢ ከባልሽ ጎን ቁሚ። ሰውየው ይለመናል፣ ሽማግሌም አይጠፋም።

የምዝገባ ወረቀቱ ነገር ቀላል ነው። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን፣ እቁብንና መሰል ባህላዊ ማህበራትን አይመለከትም። ስለዚህ የሌለ ወረቀት ፍለጋ አትንከራተት። የተመዘገበ የአካባቢ ማህበር ፈልግና ገንዘቡ በእሱ በኩል እንዲመጣ በጽሑፍ ተስማሙ። የሦስት ሰው ፊርማ ያለበት የባንክ ሂሳብ ይኑር፣ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን። ከማስገባትህ በፊት ግን ለፋውንዴሽኑ ደብዳቤ ጽፈህ ይህ አሠራር ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ። ሦስቴ የወደቃችሁበትንም ምክንያት በጽሑፍ ጠይቅ። ቅጹን በአማርኛ መሙላት ይቻል እንደሆነም አንድ መስመር ጨምር። መጠየቅ ነውር አይደለም። አንድ ሰው ደፍሮ ስለጠየቀ ብቻ የተለወጠ ቅጽ አይቻለሁ።

ስለ ታችኛው ቀበሌ ወፍጮ ምንም አልልህም። እህላችሁን እዚያው አስፈጩ።

አንድ ነገር ግን ዛሬ አድርግልኝ። ያቺን እናት መንገድ አትቀይርባት። ማታ ቤቷ ሂድ። ቡና ከተፈላ ጠጣ። ቦዩን ቆፍራ ስሟን ከወረቀቱ እንዳስቀረኸው እውነቱን ንገራት። ትቆጣ ይሆናል፣ ትቆጣ። ከዚያ ደብተሩን አውጣና ከሴቶቹ ጋር ሆና የቀኑን ቁጥር እንድታረጋግጥልህ ጠይቃት። በአዲሱ ማመልከቻ ላይ ከአንተ ፊርማ በላይ የእሷ ጣት ይረፍበት።

እትዬ