መልስ፦ በበርማ (በዛሬዋ ማይናማር) ሴቶች ጉንጭ ላይ ያለው ቢጫ ነገር ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ «ፎቶ ላይ ያየኋቸው የበርማ ሴቶች የተቀቡት ለበዓል ነው ወይስ የሃይማኖት ምልክት?» ብለህ ነበር። ሁለቱም አይደለም። ታናካ ይባላል፤ የየዕለት መዋቢያ ነው። ገበያ የምትቸረችረውም፣ እርሻ ላይ የምትውለውም ትቀባዋለች።

የሚሠራው ታናካ ከሚባለው ዛፍ ልጥ ነው። አጭር ቁራጭ እንጨት ይያዛል። ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ ይደረግና ልጡ ቀስ ተብሎ ይፈተጋል። አይወቀጥም፣ ዝም ብሎ መፈተግ ነው። ትርፉ ውሃ በድንጋዩ ዳር ባለው ቦይ ይወርዳል፤ ክሬም የመሰለው ይቀራል። ሲቀቡት ፊትን ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ ሽታውም ሰንደልን ያስታውሳል። ሲደርቅ ነው ያ ያየኸው ቀለም የሚወጣው። ከፀሐይ ይከላከላል፣ ወዝ ይመጥጣል ብለው ይወዱታል። አንዳንዶቹ ጉንጫቸው ላይ በቅጠል ቅርጽ ይሥሉታል። ሕፃናትም ይቀባሉ። ወንዶችም አሉበት፣ ቁጥራቸው ቢያንስም።

ጥሩ ታናካ ሲባል የሽዌቦና የሺንማዳውንግ አካባቢዎች ስም ይነሣል። ዛፉ ግን ቶሎ አይደርስም፤ ለጥሩ ልጥ 35 ዓመት ገደማ ይፈልጋል ይባላል። ዛሬ በዱቄትና በቅባት መልክ ታሽጎም ይሸጣል። እኔን ከጠየቅከኝ ግን የድንጋዩን የሚያክል የለም።

ለፀጉር ደግሞ ሌላ አላቸው፦ ታያው የሚባል ተክል ልጥና ኪንፑን የሚባል ተክል ፍሬ አብረው ተቀቅለው አረፋ የሚያወጣ መታጠቢያ ይሆናሉ። በአዲስ ዓመታቸው በቲንጃን ሰሞን በዚህ መታጠብ የቆየ ልማድ ነው።