ወደብ በር ላይ ለምትቆሙ ልጆች

አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። አንድ የወደብ ባለሥልጣን ሁለት ክፍት ቦታ አውጥቷል፤ አንዱ ኦፕሬሽን (ዕቃ የሚያራግፈውና የሚጭነው ክፍል)፣ ሌላው ጥበቃ። «ለሁለቱም አልፌያለሁ። ጥበቃ ገብቼ እዚያው እንዳልቀር ፈራሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» ትላለች። ወዲያው ልመልስላት ብዬ ቁጭ አልኩ። መልሱ ግን በአንድ መስመር አልወጣ አለኝ። ጥያቄዋ አንድ ሰው አስታወሰኝ።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ ወደብ የሰው ኃይል ክፍል ነው። ፋይል ማገላበጡ ሲሰለቸኝ ወደ ዋናው በር እወርዳለሁ። እዚያ አንድ አንጋፋ ጠባቂ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ሲመጣ አይቸኩሉም። ባትሪያቸውን ያበራሉ። ፕሎምፕ የሚባለውን፣ የኮንቴይነሩ በር የሚታሸግበትን ባለ ቁጥር ማሸጊያ፣ አቧራውን በአውራ ጣታቸው ይጠርጋሉ። ቁጥሩን ድምፅ አውጥተው ያነባሉ፤ መጀመሪያ ከብረቱ፣ ቀጥሎ ከወረቀቱ። ከዚያ ፕሎምፑን ጨብጠው ይጎትቱታል፣ ያጣምሙታል። ተቆርጦ መልሶ የተጣበቀ ፕሎምፕ ዓይንን ያታልላል፤ እጅን ግን አያታልልም። የኮንቴይነሩን በር እጀታ ብሎኖችም ሳያዩ አያልፉም። ሌባ ፕሎምፑን ጨርሶ ሳይነካ ብሎን ፈትቶ እንደሚገባ ያውቃሉ።

አንድ ሌሊት ቁጥሩ አልገጠመም። ልዩነቱ አንድ አሃዝ ነው። መርከቡ ሊነሳ ተቃርቧል፤ መኪናው ከኋላ ተሰልፏል። የኦፕሬሽን አለቃው በስልክ «ጸሐፊ ተሳስቶ ነው፣ አሳልፉት» ይላል። ጋሼ «ጉምሩክ ይምጣና ይከፈት» አሉ። ከዚያች ቃል ንቅንቅ አላሉም። ጉምሩክ እስኪመጣ ብዙ ሰዓት ሄደ። ተከፈተ። ውስጡ ያለው ዕቃ ልክ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ነው። እውነትም የጸሐፊ ስህተት ነበር። መርከቡም ኮንቴይነሩን ጥሎት ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ «ሥራ በማጓተት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣ። ከበሩ ተነስተው ወደ ኋላ መጋዘን ተመደቡ። ደብዳቤው ያለፈው በእኛ ክፍል ነው። ለአለቃዬ «እኚህ ሰው እኮ መመሪያው ያዘዘውን ነው ያደረጉት» አልኩት። «ልጅ ነህ፣ ገና አልገባህም» አለኝ። ጋሼ ፈርመው ተቀበሉ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ባትሪውን ለተተኪው አስረከቡ። ጡረታ እስኪወጡ ያ ደብዳቤ ከፋይላቸው አልተነሳም። ትክክል እንደነበሩ ከመሥሪያ ቤቱ ማንም ሳይነግራቸው ሄዱ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በሩ ላይ የቀሩት ልጆች ነገሩን አይተዋል። የቁጥር አለመግጠም ሪፖርት ከዚያ በር መምጣቱ ቆመ። አለቆቹ ሥራው ተሻሻለ ብለው ደስ አላቸው። የተሻሻለ ነገር አልነበረም። የሚያይ ሰው ነው የጠፋው።

የወደብ ፖሊስን ታሪክ ሳነብ የጋሼ ነገር ይበልጥ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1798 ፓትሪክ ኮልኩንና ጆን ሃሪዮት በለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ የጥበቃ ኃይል አቋቋሙ። ወጪውን በአብዛኛው የሸፈኑት ዕቃቸው የሚዘረፍባቸው ነጋዴዎች ነበሩ። በ1800 ደግሞ መንግሥት ተረከበው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያ መሥሪያ ቤት ዘብ ብቻ አልቀጠረም። ከመርከብ ዕቃ የሚያወርዱትን ሠራተኞች እየመዘገበ በቋሚ ታሪፍ ይከፍላቸው ነበር። ሠራተኛው በቂ ሳይከፈለው ከዕቃው እየቆነጠረ እንዲኖር ከተተወ፣ ዘብ ማብዛቱ ብቻውን እንደማይበቃ ያኔ ገብቷቸዋል። አሁን ብዙ ቦታ ጥበቃ በጨረታ ለኤጀንሲ ይሰጣል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ከዚያ ሌብነት በዛ ይባላል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ካሜራና ሲስተም ላይ በጣም ትተማመናላችሁ። ሮተርዳምና አንትወርፕን ተመልከቱ። በቴክኖሎጂ የሚስተካከላቸው ወደብ ጥቂት ነው። የኮኬይን አዘዋዋሪዎች ግን ኮንቴይነር ከወደቡ የሚለቀቅበትን ፒን ኮድ ሠራተኛ በገንዘብ አባብለው ወይም አስፈራርተው ሲያገኙ ቆይተዋል። ስለዚህ የሠራተኛው ደሞዝ፣ ውልና ከለላም የጥበቃ ጉዳይ ነው። 

ሕጉ አለ። አይ.ኤስ.ፒ.ኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የመርከብና የወደብ ደኅንነት ደንብ ከሐምሌ 1 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ዓለም አቀፍ መርከቦችን የሚያስተናግድ የወደብ ተቋም ሁሉ የተሰየመ የደኅንነት ኃላፊ እንዲኖረው ያዛል። ኃላፊው የመወሰን ሥልጣን ከሌለው ግን ስያሜው ምን ይጠቅማል? ቤይሩትን አስታውሱ። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት ወደቡ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጉምሩክ ሰዎች ይነሳልን ብለው በተደጋጋሚ ለዳኞች ጽፈዋል። ነሐሴ 4 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አስጠንቃቂ አልጠፋም ነበር፤ የሚሰማ ነው የጠፋው።

ጠባቂ አንድ በር ላይ ዓመታት መቆየት የለበትም ባይ ነኝ። ፊት ከተለማመዱ ወረቀት ማየት ይቀራል። ጋሼ ግን እዚያ በር ላይ ባያረጁ ኖሮ ያ እጅ ከየት ይመጣ ነበር? ሁለቱን ማስታረቅ እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ስለ ጉቦ አልናገርም፤ ጉቦን መጸየፍ ከቤታችሁ ይዛችሁት የምትመጡት ነው።

አንቺ ልጄ፣ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ የጥበቃ ኃላፊው ተጠሪነቱ ለማን ነው? ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ጥበቃ ግቢ። ለኦፕሬሽን ከሆነ ኦፕሬሽን ይሻልሻል፤ መርከብ በዘገየ ቁጥር ጥፋተኛው ጥበቃ ነውና። ከገባሽ ደግሞ የፈረቃ መዝገቡ ከእጅሽ አይጥፋ። በስልክ «አሳልፊው» ስትባዪ «ስምዎን ልመዝግብ» በዪ፤ ሰዓቱንና የኮንቴይነሩንም ቁጥር ጻፊ። ስሙ እንደሚጻፍ ሲሰማ «እሺ፣ ጉምሩክ ይምጣ» የሚለው ደዋይ ብዙ ነው።