የግሪክ ደሴት ጉዞ፣ ጥያቄና መልስ፦ መጀመሪያ መርከቡን፣ ከዚያ ሆቴሉን

አቴንስ ስለምኖር በጋ በመጣ ቁጥር ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከአሜሪካ የሚመጣውን ዘመድ ወዳጅ ወደ ደሴት መሸኘት የእኔ ሥራ ሆኗል። ዘንድሮ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው የምጽፈው። ከባለቤቴና ከሁለት ትንንሽ ልጆቻችን ጋር ለ8 ቀን እንመጣለን። ሳንቶሪኒን፣ ሚኮኖስንና ቀርጤስን ማየት እንፈልጋለን። ቀኑን እንዴት እናከፋፍለው?

መልስ፦ አታከፋፍሉት፤ አንዱን ያዙ። ካርታ ላይ ሲታዩ ጎረቤት የሚመስሉ ደሴቶች በባሕር ሲሄዱባቸው ሩቅ ናቸው። ከአቴንስ ወደብ፣ ከፒሬዎስ፣ በትልቁ መርከብ ናክሶስ ከ5 ሰዓት በላይ፣ ሳንቶሪኒ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደሴት በለወጣችሁ ቁጥር ሻንጣ ማሰር፣ ክፍል ማስረከብ፣ ወደብ ላይ በፀሐይ መጠበቅ፣ እንደገና ክፍል መረከብ አለ። አንድ ቀን በዚሁ ያልቃል።

ለእናንተ የምመርጠው ናክሶስን ነው። ከከተማው ጋር የተያያዘው የአጊዮስ ጊዮርጊዮስ ባሕር ዳርቻ ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ለሕፃናት ይመቻል፤ ከሆቴል በእግር ይደረሳል። ደሴቱ ራሱ ያርሳል፣ ራሱ ያልባል፤ ድንቹና ግራቪዬራ የተባለው አይቡ በመላው ግሪክ ስም አላቸው። ምግቡም በዚያው ልክ ጥሩና ከሳንቶሪኒ የረከሰ ነው። ባሕሩ ሲሰለቻችሁ በአውቶቡስ ወደ ሃልኪና ወደሌሎቹ የተራራ መንደሮች ውጡ። ሚኮኖስ ለልጅም ለኪስም አይሆንም። ቀርጤስ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ራሱን የቻለ ጉዞ የሚፈልግ ደሴት ነው። ሌላ ዓመት በቀጥታ በረራ ሃንያ ወይም ሄራክሊዮን ገብታችሁ፣ መኪና ተከራይታችሁ ብትዞሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጁላይ ይሻላል ወይስ ኦገስት?

መልስ፦ ከተቻለ ሁለቱም ይቅሩ። ሴፕቴምበር ይበልጣል፤ ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ከጁን ይልቅ ለብ ያለ ነው፣ ሕዝቡም ይቀንሳል። ትምህርት ቤት የሚያስገድዳችሁ ከሆነ ግን ስለ ሜልተሚ ማወቅ አለባችሁ። በሁለቱ ወሮች ኤጅያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ደመና ሳትታይ፣ የባሕር ዳር ጃንጥላ ነቅሎ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ለቀናት አያባራም። ሲበረታ፣ ቦፎር በሚባለው መለኪያ 8 ሲደርስ፣ የወደብ ባለሥልጣናት መርከብ እንዳይነሳ ያግዳሉ። ፈጣኖቹ መርከቦች ከዚያም ቀደም ብለው ይቆማሉ።

ስለዚህ ዘገምተኛ ነው ብላችሁ ትልቁን መርከብ አትናቁት፤ ዋጋውም ያነሰ ነው፣ ማዕበልም የሚችለው እሱ ነው። ከመመለሻ በረራችሁ በፊት ያለውን ሌሊት ደግሞ አቴንስ እደሩ። ጠዋት ከደሴት ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ሊይዝ ያሰበ ሰው ዕቅዱን ለነፋስ አደራ ሰጥቷል። መርከቡ ቢሰረዝ የትኬቱ ገንዘብ ይመለሳል፤ ያመለጠው አውሮፕላን ግን የራሳችሁ ኪሳራ ነው። ነፋስ ፈጽሞ የማይወድ ሰው በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዮኒያ ባሕር፣ ወደ ኮርፉ ወይም ከፋሎኒያ ይሂድ፤ ሜልተሚ እዚያ አይደርስም።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ቪዛ ያስፈልገኛል? አዲስ አበባ ያለችው እህቴስ?

መልስ፦ አንቺ አያስፈልግሽም። ጊዜያቸው ያላለፈ ፓስፖርትና ፈቃድ ይዘሽ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ። የብሪታንያ ፈቃድ ብቻ የያዘ ግን ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ ለንደን ያላችሁ አትዘናጉ። እህትሽ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል። ማመልከት የሚቻለው ጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ነውና እስከ መጨረሻው አትጠብቅ። ቪዛው እጇ ሳይገባም የማይመለስ ገንዘብ ለሆቴል አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ ሆቴል ሲደርሱ ሌላ ክፍያ አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በተያያዘ የሚሰበሰብ የመንግሥት ክፍያ ነው። የሚታሰበው በሰው ሳይሆን በክፍል ነው። ከ2025 ጀምሮ በጸናው ተመን ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለ 3 ኮከብ ሆቴል በሌሊት 5 ዩሮ፣ ባለ 4 ኮከብ 10፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ዩሮ ያስከፍላል። ለአጭር ጊዜ የሚከራይ አፓርታማ 8 ዩሮ ነው። ባለ 4 ኮከብ ሆቴል አንድ ሳምንት ማለት 70 ዩሮ መሆኑ ነው፤ አስቀድማችሁ አስቡት።

ሌላው ገንዘብ የሚሄደው አሸዋው ላይ ለፀሐይ መሞቂያ በሚከራየው አልጋ ነው። በሕጉ ባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው። በ2023 የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች አልጋ አከራዮች አሸዋውን ቢቆጣጠሩባቸው ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ ተቃውሞው ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተዛመተ፣ በ2024 ሕጉ ጠበቀ። እናንተም አልጋ ባልተደረደረበት ቦታ ፎጣችሁን አንጥፉ። ዓሣ ስታዙ ደግሞ ዋጋው በኪሎ ስለሆነ ከመጠበሱ በፊት አስመዝኑ።

ጥያቄ፦ ዕረፍቴ ኦገስት ላይ ነው። ፍልሰታን እጾማለሁ። ምን እበላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሌላው የአውሮፓ አገር ሁሉ ይልቅ የሚመችሽ እዚህ ነው። ግሪኮችም የእመቤታችንን ጾም ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾማሉ። የእኛ ኦገስት 7 ስለሚገባ አንድ ሳምንት አብረን እንጾማለን። አስተናጋጁን «ኒስቲሲሞ» ብትዪው የጾም ምግብ ማለትሽ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ጊጋንቴስ የተባለው ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም፣ ብሪያም የሚሉት በምድጃ የበሰለ አትክልት፣ በዘይትና በሎሚ የቀረበ ሆርታ ጎመን ሞልቷል። የሳንቶሪኒው ፋቫ በተለይ አያምልጥሽ። ከጓያ ዘመድ እህል የሚሠራ ቢጫ ገንፎ መሰል ነገር ነው፤ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ጣል ይደረግበታል። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ እነሱ በጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላሉ። «ኒስቲሲሞ» ብለሽ ኦክቶፐስ ቢመጣልሽ አስተናጋጁን አትቆጪው።

ኦገስት 15 በዓላቸው ነው። ቲኖስ ደሴት ላይ በ1823 የተገኘች የእመቤታችን ሥዕል አለች፤ ምእመናን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን በጉልበታቸው እየዳኹ ይወጣሉ፣ ለእነሱም በመንገዱ ዳር ምንጣፍ ተዘርግቷል። ማየት ከፈለግሽ ክፍል ከወራት በፊት ያዢ። ቁርባን ግን አይታሰብ፤ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ፍጥሞን ማየት ምኞቷ ነው። ዕድሜዋ ገፍቷል።

መልስ፦ ይሳካላቸዋል፤ ግን በፒሬዎስ በኩል አታምጣቸው። መንገዱ 8 ሰዓት ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜም በውድቅት ሌሊት ያወርዳል። ፍጥሞ አየር ማረፊያ የለውም፤ በአውሮፕላን ኮስ ደሴት ግቡና ከዚያ በመርከብ ተሻገሩ። ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ከስካላ ወደብ ወደ ኮራ መንደር በሚያወጣው መንገድ መካከል ላይ ነው፤ ደረጃ ስላለው ክንዳቸውን ይዘህ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። በ1088 የተመሠረተው ገዳም ከላይ ኮራ ውስጥ ነው። ታክሲ ሁለቱም ጋ ያደርሳል። እሳቸው በነጠላቸው ይበቃቸዋል፤ አንተ ግን ቁምጣ ለብሰህ እንዳትሄድ።

ጥያቄ፦ ሳንቶሪኒ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። አያሰጋም?

መልስ፦ በ2025 መጀመሪያ መሬቱ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ ከ10,000 በላይ ሰው ደሴቱን ለቆ ነበር፤ ጋብ ሲል ተመልሷል። እኔን ከሳንቶሪኒ የሚያርቀኝ የጎብኚው ብዛት ነው። ከሄዳችሁ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ይበቃል። የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ 112 የሚልከውን የአደጋ ጊዜ መልእክት ስልካችሁ ላይ አታጥፉት፤ ለሰደድ እሳትም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ስኩተር ብንከራይስ?

መልስ፦ በፊት ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ አይሆንም። መንገዱ ጠባብ፣ ኩርባው ብዙ ነው፤ የሞተር መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ደግሞ መድን አይከፍልም።

ጥያቄ፦ የመርከብ ትኬት ስልክ ላይ ቢሆን ይበቃል? መሳፈሩስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ይበቃል። ከአቴንስ አየር ማረፊያ ሜትሮው በቀጥታ ፒሬዎስ ያደርሳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ የበሩን ቁጥር ቀድማችሁ እዩ። የሚገባው በመኪኖቹ መግቢያ፣ በጭነት መኪና መካከል ነው፤ ሻንጣውን የደሴቱ ስም በተጻፈበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ስትወርዱ ግን ቀደም ብላችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ መርከቡ ደሴት ላይ የሚቆመው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑንም ስትገዙ አረጋግጡ።