ኤረር ሲመጣ ለምን እንደነግጣለን?

«4 ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ፣ ሥራ ላይ ኤረር ሲመጣ ለምን እጄ ይተሳሰራል?» ላልከው ወንድሜ፦ ያንተ ብቻ ችግር አይደለም። ትምህርት ቤት ያስለመደን ነገር ነው።

እኛ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተፈተንነው ወረቀት ላይ ነበር። ያውም በእስክሪብቶ! ሴሚኮለን (;) ከረሳህ ማርክ ይቀነሳል። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን ማርክ አይቀንስም፤ የመስመሩን ቁጥር ነግሮህ ይጠብቅሃል። እኛ የኤረሩን ቀይ ጽሑፍ ስናይ የሚታየን የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ነው።

ባለፈው አንድ አዲስ ልጅ አማካይ የሚያሰላ ኮድ ጻፈ። 5ን ለ2 ሲያካፍል 2 ይመጣበታል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁሉንም አጥፍቶ ከሀ ጀመረ። ነገሩ ቀላል ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከሆኑ ሲ ፕላስ ፕላስ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። አንዱን ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ብታደርገው 2.5 ይሰጥሃል። የሚገርመው፣ ልጁ ይህን ለፈተና ሸምድዶታል። ብትጠይቀው እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጣዋል። ስክሪኑ ላይ ሲያገኘው ግን አላወቀውም።

ሌላው ኩረጃ ነው። የጓደኛህን ኮድ ማየት ነውር ነበር፤ ሥራ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ የምታነበው የሰው ኮድ ነው። ሰው መጠየቅም እንደ መኮረጅ እየመሰለን ሁለት ቀን ብቻችንን እንታገላለን።

ዩኒቨርሲቲ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ዳታ ስትራክቸርን (መረጃ ኮድ ውስጥ የሚደራጅበትን መንገድ) ማንም ካላስገደደኝ አልማረውም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ለጊዜው ኮዱን አታጥፋ። ኤረሩን ከመጀመሪያው መስመር አንብበው። ካልገባህ እንዳለ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።