ወፍ ለምትቆጥሩ የሱሉልታ ልጆች

ልጆቼ፣ በትምህርት ቤታችሁ አጥር ላይ የሸክላ ሳህን አስቀምጣችሁ፣ እህል እየበተናችሁ ወፍ መቁጠር መጀመራችሁን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሳይንስ ሳስተምር ነው ያረጀሁትና አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ያያችሁትን እንጂ ልታዩ የተመኛችሁትን አትጻፉ። ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን ይፈትናል።

ወጣት መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼ በአንድ የእረፍት ሰዓት 23 ዋኔዎች ቆጠሩ። ቁጥሩን በኩራት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ጣቷ የተቆረጠው ዋኔ ብቻዋን አምስት ጊዜ መጥታለች» አለችኝ። በማግስቱ አብረን ቆመን አየን። እውነትም የቀኝ እግሯ አንድ ጣት የጎደለ ዋኔ ስንዴውን ለቀም ለቀም አድርጋ ዛፉ ላይ ትወጣለች፤ ጥቂት ቆይታ ተመልሳ ትወርዳለች። እኛ ደግሞ በመጣች ቁጥር አዲስ ወፍ አድርገናታል። ቁጥሩን እዚያው ልጆቹ ፊት አጠፋሁት። ያችን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ስለዚህ በአንድ እይታ አብረው ያያችኋቸውን ብቻ ቁጠሩ፤ ከቀኑ እይታዎች ትልቁን ቁጥር ያዙ። አራት ዋኔዎች አብረው ታይተው፣ ቆይተው ሁለት ቢመጡ የቀኑ ቁጥር አራት ነው፤ ስድስት አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጓሯቸው ወፍ የሚቆጥሩ ሰዎችም የሚሠሩበት ደንብ ይኸው ነው። ቁጥሩ ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል፤ አንዷን ወፍ ግን አምስት አያደርጋትም።

ቆማችሁ ጠብቃችሁ ምንም ወፍ ካልመጣ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። አደራ፣ መስመሩን ባዶ አትተዉት። ከዓመታት በኋላ ደብተሩን የሚገልጥ ሰው የጠፋው ወፉ ይሁን ቆጣሪው በምን ያውቃል?

ሳህኑን ቶሎ ቶሎ እጠቡት፤ በሻገተ እህልና በኩስ በሽታ ይተላለፋል። ድመት ከምታደባበት ቁጥቋጦም አርቁት።

ደግሞም ሳህናችሁ የሚጠራው ጥሬ ለቃሚዎችን ነው፤ ነፍሳት አዳኞቹ ወደ እናንተ አይመጡም። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሜዳው ውጡ። በከብቶቹ እግር ሥር ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች የምትነቀንቅ፣ ደረቷ ቢጫ የሆነ ቀጭን ወፍ ታገኛላችሁ፤ የሰሜኑን አገር ብርድ ሸሽታ የመጣች እንግዳ ናት። የመጀመሪያዋን ያያችሁበትን ቀን ጻፉልኝ። ዘንድሮ መስከረም በገባ በስንተኛው ቀን እንደደረሰች ማወቅ እፈልጋለሁ።